የመስከረም ዝርዝር

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው በር፣
ፀጉር እቆርጣለሁ፤ አላርፍም ከነገር።
መስከረም ሲጠባ፣ በአዲስ ሳሙና፣
ስም ጻፍኩ መስታወት ላይ፣ ማን ከልክሎኝ እና።

ሰኔ ላይ ሦስት ክለብ፣ ዕጣ ተጣጥለው፣
ከእኛ ሜዳ ልጆች ሊመርጡ ነው ብለው
ሲያወሩ ሰማሁኝ፤ ቅርጫት ኳስ መሆኑ ነው።
ገና ዘጠኝ ወር አለ፤ ሰኔ የት፣ እኔስ የት!
ላሚቱ ሰማይ ላይ ናት፤ እኔ ግን አለብኳት፣
ወተቷንም ናጥኩት፣ ቅቤውንም ሸጥኩት።

አንደኛ፦ ሽባባው። በሬን ጎንበስ ብሎ እንደ ቄስ ሲገባ
በመቃኑ ለካሁት፤ ስንዝር ጨምሯል፣ ክረምት ወጥቶ ክረምት እስኪገባ።
ሁለተኛ፦ አንማው። ዘጠኝ ሲወረውር ስምንቱ ይገባል፤
ኳስና የእሱ መዳፍ ሳይነጋገር ይግባባል።
ሦስተኛ፦ ምንይችል። ኳሱን እንኳ እንጃለት፤
አጎቱ ባህር ዳር ሰው ያውቃል አሉኝና ሦስትን ሰጠሁለት።
እስከ ስምንት ወረድኩ። ዘጠነኛው እንየው፤
ሰው ሲጎድል ብቻ ነው ሜዳ የምናየው፤
ዳር ተቀምጦ ነጥብ ይጽፋል።
ጻፍኩት። ግን የፂም ዋጋ መጨመሩን ለመጻፍ ቦታ ባጣ
በእጅጌዬ ጠረግሁት፤ ደግሞ ይኼ ምን ሊያመጣ።

ዝርዝሬ ከቤት ወጣ። በባጃጅ ተሳፍሮ ዞረ፤
ቡሬ ደርሶ ተመለሰ፣ ጂጋም ሄዶ አደረ፤
ዞሮ ሲመጣ ለእኔው፣ ከሌላ ሰው እንደሰማሁት ሁሉ እምነቴ ጠነከረ።

ኅዳር ላይ ሽባባው ማደጉን አቆመ።
በየሳምንቱ እየመጣ መቃኔን ተደግፎ ቆመ፤
ጭረቷ እዚያው፣ ራሱም እዚያው።
«ከላይ አትንካብኝ» አለኝ፤ መቀሴ እጄ ላይ አዘገመ።
አንማው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ነበረ፤
ከወባው ጋር ሲመለስ ከዘጠኝ ሦስት ማግባት ጀመረ።
የምንይችል አጎት የሚያውቀው ሰው ጡረታ ወጣ፤
ይኼንንስ ማን ያውቃል፣ ከየትኛው ደመና መጣ?

አባቴ ገበሬ ነበር። በጮቄ በኩል ደመና ሲያይ
«ይጥል ይሆናል» ነበር የሚለን፤ ሰማይ
ጠቁሮ፣ ነጎድጓድ ከራሱ በላይ
እያጓራ እንኳን «ይሆናል»ን አያወርድም ከአፉ ላይ።
እኔ ግን ለሰው ልጅ አጥንት፣ ገና ላላደገ፣
ቁጥር ለጠፍኩበት፤ ልጁስ ምን አደረገ?

ሰኔ ሰባት መጡ። ሲሚንቶው ተሸርሽሮ ጉድጓዱ ውሃ አቁሮ፣
የነጠረ ኳስ ሁሉ ይቀራል እዚያው ተቀብሮ።
አንማው ትኩሳቱ ተነሣበት፤ «እንየው ይግባ» አሉ።
ነጥብ ሲጽፍ አምስት ክረምት ያጠናው ሜዳ ነው ሁሉ፤
የቱ ጥግ እንደሚያነጥር፣ የቱ እንደሚውጥ፣ ያውቀዋል በሙሉ።
ሌሎቹ ኳስ ሲፈልጉ እሱ ደረቁን ይዞ ሄደ።

የመጀመሪያው ዕጣ የእሱ ሆነ። «ስምህ ማነው?» አሉት።
«እንየው» አላቸው፤ ጆሮዬን ያዝኩት።
ለካ ስሙ ምክር ነበር፤ ሰሙን ነው እኔ የጻፍኩት፣
ወርቁን፣ «ቆይ፣ እንየው»ን፣ በእጅጌዬ ጠረግሁት።

ሽባባው ሦስተኛ ተጠራ። ለሌላ ቤት ሠርግ ነውና
እልል ይባል ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፋና
ከሜዳው ወጣ፣ እንደ ተሸነፈ ሰው፤
በእኔ ሳሙና አንደኛ ነበረና።
ይኼ ነው እስካሁን የሚቆረቁረኝ፣ ከስህተቱ ሁሉ።

መስታወቱን ሁለቴ አጥቤዋለሁ፣ አሻሽቼ።
ግን የፂም ውሃ ሳፈላ፣ እንፋሎቱ ሲጋርደው አይቼ
ደነገጥኩ፤ ስሞቹ ይመጣሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ከስምንት በታች፣ እጅጌዬ የጠረገው ስፍራ
ብቻውን ጥርት ብሎ፣ የራሴን ፊት ያሳያል።

ትናንት አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣
መዳፉ እንደ መንሽ፤ ያላለቀ ቤት ነው ቁመቱ።
«ይመረጥ ይሆን?» አለችኝ።
«ይሆናል» አልኳት፣ እንደ አባቴ።
ልጁ ግን ጫማውን አውልቆ መቃኑ ሥር ቆመ፤
እኔም፣ ምን ልበላችሁ፣
ምላጩን አነሣሁ።